ዊልበርት ሃይከንስ በፍሬሪክስ ቦታ

በአዮዋ ግዛት፣ በኦልመር ካውንቲ፣ በፕሌዘንት ቀበሌ በትራክተር፣ በፒክአፕና በእግራችሁ የምትንቀሳቀሱ ገበሬዎች፣ የሉተራን ምእመናን፣ አሳማዎችና በቆሎዎች ሁሉ! እንዲህ መሆኑ ታውቆ ይደር፦ ዊልበርት ሃይከንስ የተባለው፣ ሲናገር የማይሰማ፣ ዝም ሲልም ማንም ልብ የማይለው ሰው፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያረሰው፣ ያጠረውና ግብሩን አንድ ቀን ሳያሳልፍ የከፈለበት አንድ ጋሻ ተኩል የሚያህል መሬት የራሱ ነው። ፊርማ አለው። ማኅተም አለው። በፍርድ ቤቱ ምድር ቤት በብረት ሣጥን የተቆለፈ ካርታ አለው።

እንዲህ ያለ አዋጅ ያወጣ ባለሥልጣን ግን የለም፤ ቢያወጣም የሚሰማው የለም። በፕሌዘንት ሰው አፍ ያ መሬት "የፍሬሪክስ ቦታ" ነው።

ፍሬሪክስ እዚያ መሬት ላይ ስድስት ዓመት ኖሮ የሄደ ሰው ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ኮሸሽላውን ወገብ አድርሶ አሳደገ፣ የውሃ መሳቢያውን የንፋስ መዘውር ከብቶቹ መጠጫ ላይ ጣለ፣ በረቱን ግማሽ ቀለም ቀብቶ ግማሹን ተወው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በሁለተኛው ዓመት ጓዙን በጭነት መኪና ጭኖ ወደ ካሊፎርኒያ ነጎደ። ስሙን ግን ሳይጭነው ቀረ።

ዊልበርት መሬቱን የገዛው ያኔ ነው። ዳክዬ የሚዋኝበትን ረግረግ ከመሬት በታች የሸክላ ቱቦ እየቀበረ አጠነፈፈው፤ አሥር ዓመት ፈጀበት፤ ወገቡንም ይዞበት ሄደ። ኮሸሽላውን ከነሥሩ ነቀለ። በረቱን ሙሉ ቀለም ቀባው፤ አንዴ አይደለም፣ ስድስት ጊዜ። ሚስቱ አርዲስ ሙሽራ ሆና በመጣች ሳምንት የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች "የፍሬሪክስ ቦታ ሙሽራ" ብለው አስተዋወቋት። ለሁለት ዓመት ያህል ፍሬሪክስ የባሏ የእናት ወገን መስሏት ነበር።

የቀበሌው ሕግ ይኸው ነው። የትም አልተጻፈም፤ ስላልተጻፈም የሚጥሰው የለም። ቦታ የሚጠራው በሚኖርበት ሰው ሳይሆን ቀድሞ በኖረበት ሰው ስም ነው። ስምህን የምታገኘው ስትሸጥ፣ ስትከስር ወይም ስትሞት ነው። እስከዚያው ድረስ የሌላ ሰው እንግዳ ነህ፤ ቀለሙን ቀባ፣ ቦዩን ጥረግ፣ ዝም በል።

ዊልበርትም ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም። ጎረቤቱ ላቨርን ኡበን ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረበትን እርሻ "የያንሰን ቦታ" ይለዋል፤ ያውም ፊት ለፊቱ።

"ላቨርን፣ ነገ የያንሰን ቦታ ብቅ ብዬ መዝሪያ ማሽንህን ልዋስ?"

"ና፤ እኔም እዚያው አልጠፋም" ይላል ላቨርን። ሁለቱም የሚያስቅ ነገር አይታያቸውም።

የተቀረው የአገሩ ነገር ቀላል ነው። አያቶቻቸው ከሰሜን ጀርመን ረግረግ ተነስተው ሌላ ረግረግ ፍለጋ ውቅያኖስ ተሻገሩ፤ አገኙም። ከእነሱ በፊት የመጡ ቀያሾች ምድሩን በሰንሰለት እየለኩ በየማይሉ እንደ ደብተር ካሬ ከፋፍለውት ነበር። ቀያሾቹ መሬት ክብ መሆኗ አልፎ አልፎ ትዝ ሲላቸው ካሬዎቹ እንዳይጠቡ ብለው ቀጥ ያለውን መንገድ በድንገት ወደ ምዕራብ ያጥፉት ነበር፤ ቅዳሜ ከጭፈራ የሚመለሱ ጎረምሶች ግን ይህ ትዝ ስለማይላቸው ቀጥ ብለው በቆሎ ውስጥ ይገባሉ። ባቡሩ በአምስት ማይል ርቀት አለፈ። የፕሌዘንት ሽማግሌዎች ስለ ባቡሩ ሲያወሩ ተሳስቶ ነው፣ ይመለሳል የሚሉ ይመስላሉ። ካውንቲው መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ሌላ የረባ ነገር ስላልተገኘ ሰባት ገጽ ለ"ታላቁ በረዶ" ተሰጥቷል። በዚያ መጽሐፍ የዊልበርት ፎቶግራፍ አለ፤ ከትራክተሩ አጠገብ ቆሟል። ከሥሩ የተጻፈው "በፍሬሪክስ ቦታ የመጀመሪያው ባለ ላስቲክ ጎማ ትራክተር" ነው። የትራክተሩ ዓይነትም ተጠቅሷል።

ዊልበርት ሰባ አራት ዓመቱ ሳለ፣ በሚያዝያ፣ ከካውንቲው ደብዳቤ መጣ። እስከዚያ ድረስ አምቡላንስ የጠራ ሰው "የተቃጠለው በረት ከነበረበት ወደ ግራ ታጠፍ፣ የድሮውን ትምህርት ቤት እለፍ" እያለ ነበር የሚያስረዳው፤ በረቱም ትምህርት ቤቱም ከጠፉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። አሁን የአደጋ ጊዜ ስልክ ሊገባ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መንገድ ይሰየማል። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ ስም የምትፈልጉ፣ በመንገዱ ላይ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሁሉ የፈረሙበትን ቅጽ እስከ ሰኔ አጋማሽ አቅርቡ፤ አለበለዚያ ቁጥር ይሰጣችኋል።

ዊልበርት ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አጥፎ ከስኳር ዕቃው ሥር አስቀመጠው።

"ምን ይላል?" አለች አርዲስ፣ ሳህን እያጠበች።

"መንገድ ነው።"

"መንገዱ ምን ሆነ?"

"ስም ሊሰጡት ነው።"

"እና የማንን ስም ፈለግህ?"

"እኔ ምን ቸገረኝ።"

"አርባ ሦስት ዓመት አብሬህ ተኝቻለሁ፣ ሰውዬ። አንተ አንድን ወረቀት አራት ጊዜ ካነበብህ ቸግሮሃል።" እጇን በሽርጧ አደረቀች። "ሃይከንስ መንገድ ብለህ ጻፈው፤ አለቀ።"

"ሰው የራሱን ስም ራሱ አይጽፍም።"

"የማንን ይጽፋል ታዲያ፣ የሐዋርያው ጳውሎስን?"

"ሰው ምን ይላል?"

"ሰውማ ይላል። ሰው እኮ በገንዘብህ የገዛኸውን ቤት የሌላ ሰው ነው ሲል ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው።" ከዚያም ጨመረች፦ "ካልሆነ ከተማ እንግባ። ከዚህ በወጣን በሳምንቱ 'የሃይከንስ ቦታ' ይሉታል። ቅጽም አያስፈልገው፣ ፊርማም አያስፈልገው።"

"ሳልኖርበት ምን ያደርግልኛል?"

አርዲስ ወደ ሳህኖቿ ተመለሰች። በዚያ አገር ትዕቢት ከስርቆት ይከፋል፤ ሌባ ቢያንስ ተደብቆ ነው የሚሠራው። ራሱን ያመሰገነ ሰው ግን ልጆቹ ትዳር እስኪይዙ ድረስ ነገሩ ይነሳበታል። ስለዚህ ዊልበርት አንድ ዘዴ አሰበ። ለትሑት ሰው ከዘዴ የበለጠ አደገኛ ነገር የለም።

ቅጹ ሁለት መስመር ነበረው። በመጀመሪያው ላይ "እንግዳ የሆነ ሾፌር እንዲያገኘው መንገዱን ይግለጹ" ይላል። ዊልበርት እርሳሱን ቀርጾ፣ በትልልቅ ፊደል፣ አንድም ሳይሰርዝ ጻፈ፦ "ከአስፋልቱ ተነስቶ በፍሬሪክስ ቦታ በኩል አልፎ እስከ ወንዙ የሚደርሰው ኮረኮንች።" መልሶ አነበበው። ግልጽ ነው፤ ማንም ሰው ያገኘዋል። ቅር ያለው ነገር አልነበረም። ሌላ እንዴት ተብሎ ይጻፋል?

ሁለተኛው መስመር "የሚፈለገው ስም" ይላል። እሱን ባዶ ተወው። እሱ አይጽፈውም፤ ጎረቤቶቹ ይጽፉታል። ወረቀቱን ይዞ የመጣውን ሰው ያያሉ፤ ዕድሜውን፣ ወገቡን፣ በረቱን ያያሉ፤ ራሳቸው ይደርሱበታል። በመንገዱ ላይ ከእሱ ሌላ ስድስት የፖስታ ሣጥኖች አሉ። ከስድስት ሰው አንዱ መቼም አያጣውም።

መጀመሪያ ላቨርን ዘንድ ሄደ። ላቨርን ከመከር ማሽኑ ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

"ፊርማ ነው?" አለ እግሩ። "ምን ሸጥህልኝ?"

"የመንገዱ ነገር ነው።"

ላቨርን ወጥቶ እጁን በሱሪው ጠረገና ወረቀቱን ተቀበለ። "ስሙ የታለ?"

"እናንተ እንዳላችሁ ብዬ ነው።"

"እኔን ከጠየቅህ 'የጭቃ መንገድ' ነው። ባለፈው መጋቢት ሚስቴ በሩ ድረስ ሰጥማ በአንተው ትራክተር አይደል የወጣችው?"

ዊልበርት ሳቀ። ከሚገባው በላይ ነበር የሳቀው። "ደብዳቤው ... ረጅም ጊዜ በመንገዱ ላይ የኖረ ሰው ስምም ይሆናል ይላል።"

"ረጅም ጊዜ?" ላቨርን ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አሰበ። እውነትም አሰበ፤ ግንባሩ ተሸበሸበ። ዓይኑ ዊልበርት ላይ አረፈ፣ ቆየ፣ ከዚያ አልፎት በቆሎው ላይ ሄደ። "ሂልካን ማለትህ ነው?"

"ሂልካም ... አዎ፣ እሷም ኖራለች።"

"እንግዲያው እሷው ትጻፈው። ጽሕፈቷ ያምራል፤ የኔን አምቡላንሱም አያነበው።" ፈርሞ ወረቀቱ ላይ በዘይት የጠቆረ የአውራ ጣቱን አሻራ አትሞ መለሰለት።

አሮጊቷ ጎረቤታቸው ሂልካ ያኔ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ለዊልበርት ወንበር ሰጥታ ሩባርብ ከሚባለው ጎምዛዛ ተክል የተጋገረ ኬክ አቀረበችለትና ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጋ አነበበች።

"ፍሬሪክስ!" አለች፤ ፊቷ በራ። "አንተ ልጅ፣ እንዴት ያለ ሰው ነበር መሰለህ! አኮርዲዮን ሲጫወት! እጁ ለሞፈር አይሆንም ነበር፤ እግሩ ግን ለጭፈራ ነበር የተፈጠረው።"

"ለእኔ ኮሸሽላ ነው የተወልኝ" አለ ዊልበርት።

"ኮሸሽላማ ለማንም ይበቅላል።" ኬኩን ወደ እሱ ገፋችው። "ብላ እንጂ። ሲሄድ አለቀስሁ፤ ባሌ እንዳያየኝ ከዶሮዎቹ ቤት ገብቼ።"

ዊልበርት ብላ የተባለውን በላ። "ሂልካ፣ ስሙን እርስዎ ቢጽፉት ... ለረጅም ጊዜ የኖረ፣ መሬቱ ላይ የለፋ ሰው ስም ..."

"እኔ? መቃብር አፋፍ ላይ ቆሜ መንገድ ልሰይም? እሱ የወጣቶቹ ሥራ ነው።" በሚያምር ጽሕፈቷ ስሟን ብቻ ጻፈች።

የተቀሩት አራቱም ፈረሙ። አንዱ በሩ ላይ ቆሞ፣ አንዱ ትራክተሩ ላይ እንዳለ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ አንዷ ሕፃን በሌላ እጇ ይዛ። አራተኛው ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ሲፈርም ስለ ዝናብ አወራ። ሁሉም ባዶውን መስመር አይተውታል፤ ሁሉም ሌላው ይሞላዋል ብለው ትተውታል። ዊልበርት በየበሩ ጥቂት ቆየት ይል ነበር፣ የረሳው ነገር እንዳለ ሰው። "ሌላ ነገር አለ?" ሲሉት "ምንም የለም" እያለ ሄደ። ሰፊው የፕሌዘንት ሕዝብ በሙሉ ድምፅ፣ ያለ አንዳች ልዩነት፣ ስለምን እንደሆነ ሳያውቅ ፈረመ።

"አምጣ እኔ ልጻፍልህ" አለች አርዲስ።

"አይሆንም። ያንቺም ስም ሃይከንስ ነው።"

ቅጹን ራሱ ወደ ካውንቲው ከተማ ወሰደው። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ስልክ ይዛ ነበር፤ በጣቷ ሣጥኑን አሳየችው። ዊልበርት ወረቀቱን ከሣጥኑ ጨምሮ ማንም ሳይጠራው ፈጠን ብሎ ወጣ። የእሱ ፊርማ ከሁሉ በላይ ነው፤ ለሚያስተውል ሰው ይበቃል ብሎ ነበር።

ልጅቱ ጃኔል ትባላለች፤ ከትልቅ ከተማ የመጣች፣ በሥራዋ ትጉህ ናት። በኋላ ራሷ እንደተናገረችው፣ ከስም መስመሩ ላይ ምንም አላገኘችም። ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። መልሳ ገለበጠችው። ከሰባቱ ፊርማዎች አናት ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ስም አለ።

"ፍሬሪክስ የሚባል ታውቃለህ?" አለችው በጎን ያለውን ሽማግሌ ጸሐፊ።

"የፍሬሪክስ ቦታ! ማን የማያውቀው አለ?"

"እንግዲያው እሱ ነው" ብላ ጻፈችው። ሰባት ቤተሰብ ለምን አንድን ሰው እንዲህ እንደወደደው ገርሟት እንደነበርም ተናግራለች።

ነሐሴ ላይ ዊልበርት ከመንገዱ ዳር ሣር ሲያጭድ የካውንቲው መኪና ከአስፋልቱ መገንጠያ ላይ ቆሞ አገኘው። ሠራተኛው አረንጓዴውን ምልክት ምሰሶው ላይ አስሮ ጨርሷል። ዊልበርት የማጨጃውን ሞተር ሳያጠፋ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበበ። ፍሬሪክስ መንገድ።

"እድለኞች ናችሁ" አለው ሠራተኛው። "ከወንዙ ማዶ ያሉት ሦስት መቶ አሥር የሚል ቁጥር ነው የደረሳቸው። እናንተ ግን የሰው ስም አገኛችሁ።"

"አዎ" አለ ዊልበርት። "የሰው ስም ነው።"

ቅሬታ ያለው ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ለካውንቲው ቦርድ ማቅረብ ይችል ነበር። አርዲስ በሃያ ስድስተኛው ቀን ክራቫቱን አሰረችለት። ለሳምንት ያህል አንድ ዓረፍተ ነገር ጥጆቹ ፊት ሲለማመድ ሰምታዋለች፦ "መንገዱ በስሜ ቢጠራ ደስ ይለኛል።" ጥጆቹ አልተቃወሙም።

"አብሬህ ልግባ?" አለችው ቦርዱ ከሚሰበሰብበት ፍርድ ቤት ፊት መኪናውን አቁማ።

"አንቺ ካየሽኝ አይወጣኝም።"

ከእሱ በፊት ስለ ሌላ መንገድ ጌርደስ የሚባል ሰው ተናገረ። ጌርደስ ጠረጴዛውን እየደበደበ አባቱ መጀመሪያ እንደሰፈሩ፣ ድልድዩን እንደሠሩ፣ መንገዱ ስማቸውን ካልያዘ ፍርድ እንደሌለ አስረዳ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ተመለከተ። አንዲት ሴት ስለ ጌርደስ አፍራ ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች። የቦርዱ ሰብሳቢ ማርሎ "እናመሰግናለን፣ ጌርደስ" አለ፤ በዚያ አገር ቋንቋ ይህ የቀብር ንግግር ነው።

"ዊልበርት፣ አንተስ የምትለው አለህ?"

ዊልበርት ተነሳ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ያዘ። ሁሉም አየው፤ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ምሰሶው" አለ።

"ምሰሶው ምን ሆነ?"

"ከቦዩ በጣም ቀርቧል። ሣር ሲታጨድ ያስቸግራል።"

ማርሎ ትንፋሹን ለቀቀ። አዳራሹም ለቀቀ። እንዲህ ያለ አስተዋይ ዜጋ በመገኘቱ ቦርዱ ምሰሶው ሁለት ጫማ ወደ ኋላ እንዲነሳ በአንድ ድምፅ ወሰነ፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። ጌርደስም ጭምር አጨበጨበ።

"ነገርሃቸው?" አለች አርዲስ የመኪናውን በር ሲከፍት።

"ያነሱታል።"

"ስሙን?"

"ምሰሶውን። ሁለት ጫማ።"

አርዲስ መኪናውን አስነሳች። ስምንት ማይል ነዳች። ከአስፋልቱ ወጥተው ኮረኮንቹ ላይ ሲገቡ ቀስ አለችና፦ "ስማ" አለች፣ "ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ትንሹ ቤት ሊሸጥ ነው። እኔ ደረጃ መውጣት ሰልችቶኛል። እንግባና ስምህን ውሰድ፤ እኔም ጉልበቴን ላሳርፍ። ወይም እዚሁ እንቅርና ይህን ነገር ሁለተኛ አታንሳብኝ። የቱን ትመርጣለህ?"

ዊልበርት በመስኮቱ በኩል እሱ ያጠነፈፈውን ሜዳ አየ። በቆሎው ከአጥሩ በላይ ሆኗል።

"እዚሁ" አለ።

"እንግዲያው አበቃ።"

አበቃም። ሁለተኛ አላነሳውም። ካለፈው ዓመት በፊት ባለው ክረምት አርዲስ ከዚያው ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አምቡላንሱ በአሥራ አንድ ደቂቃ ደረሰ፤ አልተሳሳተም፣ ማንንም አልጠየቀም። ወጣቱ ሾፌር ቃሬዛውን ይዞ እየሮጠ "ሚስተር ፍሬሪክስ፣ የት ናቸው?" ሲለው ዊልበርት "በዚህ በኩል፣ ልጄ፣ ቶሎ" ብሎ መንገድ መራው። ሆስፒታል ደርሰው የመጣችው ነርስም እንደዚያው ብላ ጠራችው። እሱም "አቤት" አለ። አርዲስ ሕመሙ ውስጥ ሆና ዓይኗን ገልጣ ስለ ሳቀች ዳሌዋን አመማት።

አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። አርዲስ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ አልጋቸውን ወደ ምድር ቤት ሳሎን አውርደውታል።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎች፣ ኦልመር ካውንቲ ምን ሥራ ኖሯችሁ ትሄዳላችሁ፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰውን እግሩ የት እንደሚጥለው አይታወቅም። ምናልባት በዚያ በኩል ካለፋችሁ ከአስፋልቱ ተገንጠሉና ሦስተኛው የፖስታ ሣጥን ጋ ቁሙ። አንድ ሽማግሌ ይወጣል። "ማንን ፈልጋችሁ ነው?" ይላችኋል። ያን ጊዜ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ላቨርን ኡበን ማዶ ድረስ እንዲሰማ አድርጋችሁ፣ "የሃይከንስ ቦታ ይህ አይደለም እንዴ?" በሉት። ሌላ ምንም አትጨምሩ። አመስግናችሁ ሂዱ።

አዮዋ ሩቅ ነው የምትሉ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ከግድግዳችሁ ማዶ የሚኖረውን ያን ሰው፣ ሳይሸጥና ሳይሞት ገና እዚያው እንዳለ፣ በሩን አንኳኩና በስሙ ጥሩት።